በጊብ ሪቨር መንገድ፦ ከብሩም እስከ ከናናራ በድንኳን

አውስትራሊያ ውስጥ ፐርዝ ከተማ የምንኖር አበሾች፣ በአገሩ ሰሜን ምዕራብ ያለውን የኪምበርሊ ክልል የምናውቀው በሥራ ባልደረቦቻችን ስልክ ላይ ባየነው ፎቶ ነው። ቀይ ገደል፣ ፏፏቴ፣ አዞ። "አንድ ቀን እንሄዳለን" እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ዘንድሮ ጋሼ ጡረታ ወጡና ነገሩን ቆረጡት። ቀን ወሰኑ፣ መኪናቸውን አሠሩ፣ እኛንም ከሥራ ፈቃድ አስወሰዱን። አምስት ሆነን ሄድን። ጋሼ፣ ባለቤታቸው እትዬ፣ ነርስ የሆነችው ጓደኛችን፣ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ጓደኛችንና እኔ።

መንገዱ ጊብ ሪቨር ሮድ ይባላል። ከደርቢ ከተማ ተነስቶ ወደ ከናናራና ወደ ዊንድሃም ይወስዳል። ርዝመቱ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ፒስታ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራው ከብት ከየእርባታው ወደ ወደብ ለማጓጓዝ ነበር። (የታሪክ ዓመቶቹን በፈረንጅ፣ የጉዞ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።) ኪምበርሊ ስፋቱ የኢትዮጵያን ሲሶ ያልፋል። ነዋሪው ግን 40 ሺህ አይሞላም። ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይወርዳል፤ ያኔ ወንዞቹ ሞልተው መንገዱ ይዘጋል። ሐምሌ ላይ፣ አዲስ አበባ ጭቃ በጭቃ ስትሆን፣ እዚያ ደመና የሚባል ነገር የለም። ቀኑ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ሌሊት ግን ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።

ሐምሌ 2፣ ብሩም

ጋሼና እትዬ ላንድክሩዘራቸውን ጭነው ቀድመው ወጡ። ከፐርዝ ብሩም 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገድ እያደሩ መጡ። እኛ ሦስታችን በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል በረርንና ጣሪያው ላይ ድንኳን የተገጠመለት ሌላ ላንድክሩዘር ተከራየን። በቀን 290 ዶላር። መኪናውን ከናናራ ላይ ለማስረከብ ደግሞ ሌላ 800 ዶላር ጨመሩብን። ውድ ነው፤ ለሦስት ሲካፈል ግን ይቻላል።

ስንቁን እትዬ ከቤት አዘጋጅተው ነው የመጡት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጀበና፣ ያልተቆላ ቡና። እንጀራውን ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ደርድረውታል። "መጀመሪያ እንጀራ ትበላላችሁ፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ከዚያ ፍርፍር" አሉን። እንዳሉትም ሆነ። ከሱፐርማርኬት ውሃ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ብዙ ሙዝ ገዛን። ከብሩም በኋላ ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ መሸመት እዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ የጃፓኖቹን መካነ መቃብር አየን። ብሩም በዕንቁ አደን የከበረች ከተማ ናት። ከ900 በላይ ጃፓኖች እዚያ ተቀብረዋል። አንዳንዱ ባሕር ውስጥ ሰምጦ፣ አንዳንዱ በማዕበል፣ አንዳንዱ ከጥልቅ ውሃ ሲወጣ በሚይዝ በሽታ የሞተ ነው። ከእነሱ በፊት ወደ ባሕሩ እንዲጠልቁ የተገደዱት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፤ ወንዱም ሴቱም። ለእነሱ እንዲህ የተደረደረ የመቃብር ድንጋይ አላየሁም። ማታ ኬብል ቢች ላይ ፀሐይዋ ባሕር ውስጥ ስትገባ አየንና ወደ ድንኳናችን ገባን።

ሐምሌ 3፣ ደርቢ

ከብሩም ደርቢ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። መንገዱ ዳር ቦአብ የሚባለው ዛፍ ይጀምራል። ግንዱ የተነፋ፣ ቅርንጫፉ የሳሳ፣ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ። ጋሼ መኪናቸውን አቁመው ወረዱና ግንዱን በእጃቸው ዳበሱት። ልጅ ሆነው ተከዜ ሸለቆ ውስጥ ያዩት ዛፍ ነው። በእርግጥም የባኦባብ ዘር ነው። የእኛው በአፍሪካ ቆላ ይበቅላል፤ የዚህኛው ዝርያ ግን ከኪምበርሊና ከአጎራባቹ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ የትም አይበቅልም።

ደርቢ መግቢያ ላይ እጅግ ያረጀ ቦአብ አለ። ውስጡ ክፍት ነው። "የእስረኞች ዛፍ" ብለው ስም አውጥተውለታል። እስረኛ በእርግጥ ውስጡ ታስሮ ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ዛፉ ለተወላጆቹ ከዚያ በፊትም የከበረ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ታጥሯል፤ ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። ማስረጃ ያለው ነገር ሌላ ነው። ሰዎችን አንገታቸው ላይ ሰንሰለት አስገብተው፣ አንዱን ከአንዱ ጋር ቀጥለው፣ በእግር ወደ ደርቢ ይነዷቸው ነበር። ነርሷ ጓደኛችን የሰንሰለቱን ፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አይታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

የደርቢ ወደብ ድልድይ ላይ ቆመን ዓሣና ድንች ጥብስ በላን፤ 18 ዶላር። ማዕበሉ እዚህ 11 ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከአውስትራሊያ አንደኛ ነው። ስንደርስ ከታች ግራጫ ጭቃ ብቻ ነበር። በልተን ስንጨርስ ውሃው ምሰሶውን ይዞ እየወጣ ነበር።

ከደርቢ እንደወጣን ጊብ ሪቨር ሮድ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጠባብ አስፋልት ነው። አስፋልቱ ሲያልቅ ቆምንና የጎማዎቹን ንፋስ ቀነስን። ኮረኮንች ላይ ጎማ ለስለስ ካላለ መኪናውንም ሰውንም ይበትናል፤ ስለት ድንጋይም ቶሎ ይቀደዋል። ሹፌሩ ጓደኛችን በመለኪያ እየተከታተለ የሁሉንም እኩል አደረገ። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ ቀይ አፈር፣ ቢጫ ሳርና ኩይሳ ብቻ ሆነ። ኩይሳው ከሰው ቁመት ይበልጣል።

ሐምሌ 4፣ ዊንጃናና ተነል ክሪክ

ከጉዞው ሁሉ አብልጬ መጻፍ የምፈልገው ይህን ቀን ነው።

ዊንጃና ጎርጅ በአገሩ ተወላጆች በቡኑባዎች አጠራር ባንዲልንጋን ነው። ሌናርድ የሚባለው ወንዝ ጥቁርና ግራጫ የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል። ግድግዳው አንዳንድ ቦታ 100 ሜትር ይደርሳል። ይህ ድንጋይ ከ350 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባሕር ውስጥ የነበረ የኮራል አጥር ነው። አሁን ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ግን የባሕር ፍጥረታት ቅርጽ ታትሞ ይታያል። በበጋ ወንዙ ኩሬ በኩሬ ይሆንና አዞዎቹ አሸዋው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የሚበዙት የወንዝ አዞዎች ናቸው። አፋቸው ቀጭን ነው፤ ዓሣ ይበላሉ። ካልነኳቸው ሰው አይነኩም። እትዬ ግን "አዞ አዞ ነው" ብለው ከዛፍ ጥላ አልወጡም።

እዚህ ገደል ውስጥ በኅዳር 1894 በጃንዳማራ ተዋጊዎችና በፖሊስ መካከል ጦርነት ተደርጓል። ጃንዳማራ የቡኑባ ሰው ነው። በልጅነቱ በከብት እርባታ ላይ ሠርቷል፤ ፈረስና ጠመንጃም እዚያው ለመደ። በኋላ ለፖሊስ ዱካ አዳኝ ሆነ። በጥቅምት 1894 መጨረሻ ሊሊሙሉራ በሚባለው የፖሊስ ጣቢያ፣ በሰንሰለት የታሰሩት የገዛ ዘመዶቹ ነበሩ። ኮንስታብል ሪቻርድሰንን ተኩሶ ገደለና ፈታቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ከነዚህ ገደሎችና ዋሻዎች እየተነሳ ተዋጋ። ፖሊስ ሲከበው ይጠፋል፤ ሌላ ቦታ ይገኛል። ሚያዝያ 1 ቀን 1897 ተነል ክሪክ አጠገብ ተገደለ። የገደለው ፖሊስ ያሰማራው ሌላ ተወላጅ ዱካ አዳኝ ነው። ጭንቅላቱን ቆርጠው ወሰዱት፤ ወደ እንግሊዝ እንደተላከ ይነገራል። ወገኖቹ እስከ ዛሬ አልተመለሰላቸውም።

1897 ማለት ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነው። የእኛ አያቶች ጣሊያንን አሸንፈው ሲመለሱ፣ ይህ ወጣት ከጥቂት ሰዎችና ከተማረከ ጠመንጃ ጋር አገሩን ይዞ ነበር። ሲሞት ሃያዎቹን አልጨረሰም። ስለ ጭንቅላቱ ስሰማ መቅደላ ነው ትዝ ያለኝ። የአፄ ቴዎድሮስን ቁንዳላ ቆርጠው ወስደው እስከ 2019 ለንደን ሙዚየም ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ልዑል ዓለማየሁ ዛሬም ዊንዘር ተቀብሯል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የሩቅ ታሪክ አልሆነም።

ከዊንጃና ተነል ክሪክ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገድ ላይ የሊሊሙሉራ ጣቢያ ፍርስራሽ አለ። ጥቂት የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ቀርቷል። ወርደን አየነው።

ተነል ክሪክ ውሃ ተራራውን በስቶ የሠራው 750 ሜትር ዋሻ ነው። በእግር ይሻገሩታል፤ ውሃው አንዳንድ ቦታ ጉልበት፣ አንዳንድ ቦታ ጭን ይደርሳል። የራስ ባትሪ አጥልቀን ገባን። መካከሉ ላይ ጣሪያው ተደርምሶ ብርሃን ይገባል። የሌሊት ወፎች እዚያ ተንጠልጥለው ይጮሃሉ። ከዚያ እንደገና ጨለማ ነው፣ ከዚያ መውጫው። ጃንዳማራ ቁስሉን ያዳነበትና የተደበቀበት ቦታ ነው። ከፊታችን የቡኑባ አስጎብኚ ሌሎች እንግዶችን እየመራ ነበር። ድምፁ በዋሻው ውስጥ ሲያስተጋባ ይሰማን ነበርና ጋሼ "ቀስ በሉ፣ እንስማው" አሉን። ወደ ኋላ ቀርተን አዳመጥን። እኔ ብመለስ ገንዘቤን የማወጣው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለመሄድ ነው። ቦታውን ያለ ባለቤቶቹ ማየት ግማሹን ብቻ ማየት ነው።

ሐምሌ 5 እና 6፣ ቤል ጎርጅ

ወደ ጊብ መንገድ ተመልሰን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የተራራ ሰንሰለት መጣ። እስከ 2020 ድረስ የንጉሥ ሊዮፖልድ ተራሮች ይባል ነበር። ኮንጎን የግል ንብረቱ አድርጎ፣ ለጎማ ሲል የሰው እጅ ያስቆረጠው የቤልጂጉ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ነው። በ1879 አሌክሳንደር ፎረስት የሚባል አሳሽ በዚህ በኩል ሲያልፍ ስሙን ለክብሩ ሰጠው። ሊዮፖልድ ይህን ተራራ በዓይኑ አላየውም። ተራራው ስሙን ተሸክሞ ከ140 ዓመት በላይ ቆየ። አሁን ዉናሚን ሚሊዉንዲ ይባላል። አንዱን ስም ንጋሪንይን የሚባሉት ተወላጆች፣ ሌላውን ቡኑባዎች የሰጡት ነው። የድሮ ካርታ ይዞ የሚሄድ ሰው አሁንም "ሊዮፖልድ" ሲል ሰምቻለሁ። እኔ አፍሪካዊ ነኝ፤ ያንን ስም ከምድር ሁሉ ላይ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

የሰፈርነው ሳይለንት ግሮቭ ነው። ከዋናው መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ይገባል። መጸዳጃና መታጠቢያ አለው፤ ከብሩም ወዲህ በደንብ የታጠብነው እዚያ ነው። ከሰፈሩ ቤል ጎርጅ ሌላ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በድንጋይ ላይ በእግር። ፏፏቴው እርከን እርከን ሆኖ ይወርድና ሰፊ ጥቁር ኩሬ ውስጥ ይገባል። ውሃው ይቀዘቅዛል። ነርሷ ገብታ ወዲያ ማዶ ዋኝታ ተመለሰች። እኔ ከፏፏቴው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሙሉ ጠዋት አሳለፍኩ። አንድም ቀን በዕረፍት እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም።

ማታ እትዬ ጋዝ ላይ ቡና ቆሉ። ጭሱ ሲነሳ አጠገባችን የሰፈሩ ከአደሌድ የመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ምን እንደሆነ ሊጠይቁ መጡ። "ቁጭ በሉ" አሏቸው እትዬ በአማርኛ። ተቀመጡ። ሦስተኛ ሲኒ ድረስ አልተነሱም። ሰውየው በ1970ዎቹ ይህን መንገድ በአሮጌ መኪና እንደሄዱበት አጫወቱን፤ ያኔ ጉዞው ሳምንታት ይፈጅ ነበር አሉ። ስንለያይ እትዬ የቆላነውን ቡና ግማሽ በወረቀት ጠቅልለው ሰጧቸው። እሳቸው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት የብርቱካን ማርማላታ አመጡልን። በድርቆሽ በላነው፤ ይሄዳል!

ሐምሌ 7፣ ከኢሚንትጂ እስከ ማውንት ባርኔት

ኢሚንትጂ ትንሽ የተወላጆች መንደር ናት። ሱቋ ናፍጣ ትሸጣለች፤ ዋጋው በሊትር ሦስት ዶላር ገደማ። ፐርዝ ከምንቀዳበት በግልጽ ይበልጣል። ግን ናፍጣውን የሚያመጣው ቦቴም በዚሁ ኮረኮንች ነው የሚመጣው። ማንም ሲነጫነጭ አልሰማሁም። ሞልተን ሄድን።

ከኢሚንትጂ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደወጣን የኪራዩ መኪና የኋላ ግራ ጎማ ፈነዳ። ጎኑ ተቀዷል፤ ስለት ድንጋይ ነው። ጋሼ ከፊት ሄደው አቧራቸው ብቻ ይታያል። በሬዲዮ ጠራናቸው፤ አልሰሙም። ትርፍ ጎማው ደህና ነው። መኪና ማንሻው ክሪክ ግን አልነሳም አለ። ዘይቱ በጎኑ ፈሶ አልቋል። ሹፌሩ ጓደኛችን ደጋግሞ ረገጠው። መኪናው አንድ ጣት ይነሳና ቀስ ብሎ ይወርዳል። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አቧራ። ኪራይ ሰጪው ለእንዲህ ያለ መንገድ መኪና ሲያከራይ የሚሠራ ክሪክ መስጠት ነበረበት። የሰው ሕይወት ነው። ጎማው የፈነዳው ማንም በማያልፍበት ቅያስ መንገድ ላይ ቢሆንስ?

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ መኪና መጣና ቆመ። ከኋላው ሌላ ቆመ። እዚያ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይቶ ማለፍ ነውር ነው። የመጀመሪያው ሰው የራሱን ክሪክ ይዞ ወረደ። ከሥሩ የሚደገፍበት ሳንቃ ሳይቀር አለው። ሹፌሩ ጓደኛችንና እሱ ብዙ ሳይነጋገሩ ተግባቡ። አንዱ ብሎን ሲፈታ ሌላው ያነሳል። ሲጨርሱ ጋሼ አቧራ እያስነሱ ተመልሰው ደረሱ። "ልጆች፣ ምነው ቀራችሁ ብዬ…" አሉ፤ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ሰውየውን አቅፈው አመሰገኑት። እትዬ ቆሎ በከረጢት ሰጡት።

ያለ ትርፍ ጎማ ወደፊት መሄድ አይታሰብም። ወደ ኢሚንትጂ ተመለስን። እዚያ አካባቢ ጎማ የሚሸጥና የሚጠግን ባለሙያ አለ። አዲስ ጎማ 460 ዶላር ከፈልን። ጎሚስታው እጁ ፈጣን ነው። በቀን ስንት ጎማ እንደሚቀይር ስጠይቀው ጥግ ላይ የተከመረውን በእጁ አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋልቫንስ ጎርጅ ቆምን። ከመንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ነው። ትንሽ ፏፏቴ፣ ከላይ አንድ ቦአብ፣ ከሥሩ ኩሬ። ዓለቱ ላይ የዋንጂና ሥዕል አለ። ዋንጂና በዎሮራ፣ በንጋሪንይንና በዉናምባል ሕዝቦች ዘንድ ዝናብን የሚያመጣ ኃይል ነው። ፊቱ ነጭ ነው፣ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፣ ራሱን አክሊል ይዞረዋል። አፍ የለውም። እኛ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊት። እነዚያም ዓይን ብቻ ናቸው፣ ከየትም ሆነህ ያዩሃል። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ማንም ፎቶ ላንሳ አላለም።

ሐምሌ 8፣ ማኒንግ ጎርጅ

ማውንት ባርኔት ነዳጅ፣ ሱቅና ምግብ ያለበት ቦታ ነው። አጠገቡ ኩፑንጋሪ የሚባል መንደር አለ። የማኒንግ ካምፕ ፈቃድ የሚከፈለው እዚያው ነው። ለአንድ ሰው ወደ 30 ዶላር ነው። ዳቦ፣ ሽንኩርትና አይስክሬም ገዛን። አይስክሬሙ ለየብቻ ስድስት ዶላር አወጣ፤ ሁሉም ሰው በዝምታ በላው።

ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙን ለመሻገር ወይ መዋኘት፣ ወይ በገመድ የሚጎተት ትንሽ ጀልባ ላይ መቀመጥ ነው። ለሚዋኝ ሰው ልብስና ጫማ የሚያስቀምጥበት የፎም ሳጥን ዳር ላይ ተቀምጧል። ጓደኞቼ ሳጥኑን እየገፉ ዋኙ። ጋሼና እትዬ ጀልባው ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ገመዱን እየሳቡ፣ እትዬ ጫማቸውን አቅፈው፣ ጣና ላይ ወደ ገዳም እንደሚሻገር ሰው ቀጥ ብለው ተሻገሩ።

ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በድንጋያማ ሜዳ ላይ ነው። መንገዱን የሚያሳዩት ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ ጣሳዎች ናቸው። ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስለወጣን ፀሐዩ ሳይጠና ደረስን። ፏፏቴው ሰፊ ነው፤ ከኋላው ገብቶ መቀመጥ ይቻላል። ውሃው ከፊትህ ይወርዳል፣ አንተ ደረቅ ድንጋይ ላይ ነህ። በሶ በጥብጠን እዚያ ጠጣን። ሹፌሩ ጓደኛችን፣ ጭነት ይዞ ፒልባራን ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ሰው፣ "ይሄ ሁሉ እዚህ እያለ እኔ ብረት ማዕድን ብቻ አያለሁ" አለ።

ሐምሌ 9፣ ኤለንብሬ

ይህ ቀን መንገድ ብቻ ነው። ወደ ካሉምቡሩ የሚወስደውን መገንጠያ አልፈን ቀጠልን። በዚያ በኩል ሚቸል ፏፏቴ አለ፤ መንገዱ የባሰ ነው፣ ቀንም አልነበረንም። የላመ አቧራ ጉድጓዱን ሞልቶ ስለሚደብቀው ፍጥነት 60 እንኳን አይደፈርም። የጓዳ ዕቃችን ሁሉ ተንቀጥቅጦ ጨው ሽሮ ውስጥ ገብቶ አገኘነው።

ማረፊያው ኤለንብሬ ሆነ። የከብት እርባታ ነው፤ በመንገደኛው ዘንድ የታወቀው ግን በስኮኑ ነው። ትኩስ የምድጃ ዳቦ ነው፤ በጃምና በክሬም ይቀርባል፣ ከሻይ ጋር። አምስታችን አምስት ሰሃን አዘዝን። ከዚያ አቧራ በኋላ ዛፍ ሥር፣ ሳር ላይ፣ ጥቃቅን ቀይ ወፎች እግርህ ሥር ፍርፋሪ ሲለቅሙ፣ ትኩስ ዳቦ መብላት ምን ያህል እንደሚያስደስት በቃል አይገለጽም። እትዬ አሠራሩን ጠይቀው ጻፉ። እዚያው አደርን። ማታ ሰማዩ ላይ ያለውን የኮከብ ብዛት ከዚህ በፊት ያየሁት በልጅነቴ መንዝ፣ አያቴ ቤት ብቻ ነበር።

ሐምሌ 10 እና 11፣ ፔንቴኮስት ወንዝና ኤል ኬስትሮ

ፔንቴኮስት የዚህ መንገድ ትልቁ ወንዝ ነው። ድልድይ የለውም። ባለፍንበት ወቅት ውሃው እስከ ጉልበት ቢሆን ነው፤ ግን ሰፊ ነው፤ ሥሩ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ጥልቀቱን ወርዶ በእግር መለካት የለም። ይህ ወንዝ የባሕር አዞ ይኖርበታል፤ እሱ ደግሞ እንደ ዊንጃናዎቹ አይደለም። ሰው ይበላል። ጋሼ ዳር ላይ አቁመው ከወዲያ የሚመጣ መኪና ጠበቁ። አንድ መጣ፤ ውሃው የጎማውን ስንት እንደሚይዝ አየን። ከዚያ በከባድ ማርሽ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ሳያቆሙ ተሻገሩ። እኛ ተከተልን። ውሃው ከሥር ሲመታን ነርሷ "እመብርሃን" ስትል ሰማሁ። ማዶ ስንወጣ ኮበርን ተራራ ከፊታችን ነው። ቀጥ ያለ ግንብ፣ አናቱ ጠፍጣፋ። ጋሼ "አምባ ነው እኮ" አሉ። አምባ ሰል ያደጉ ሰው ናቸውና ማንም አልተከራከራቸውም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ መጀመሪያ ብርቱካን፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነ። እስኪጨልም ድረስ ወንበራችንን ወደዚያ አዙረን ተቀመጥን።

ኤል ኬስትሮ ትልቅ የጎብኚዎች ማረፊያ ነው፤ ሰው ይበዛዋል። መግቢያ ይከፈላል፣ ካምፕ ይከፈላል፣ ቢራ ውድ ነው። ከገደሎቹ ዝምታ በኋላ ጫጫታው ትንሽ ከበደኝ። ዘቢዲ የሚባለው ፍልውሃ ግን ለሁሉም ይክሳል። ለሕዝብ የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ዘንባባ ሥር፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየወረደ ትንንሽ ገንዳ የሠራ ውሃ ነው። ሙቀቱ የወንዶ ገነትን አያህልም፤ ለብ ያለ ነው። እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሁላችን በፊት ገብተው ከሁላችን በኋላ ወጡ። "የመጣሁት ለዚህ ነው" አሉ።

ሐምሌ 12 እና 13፣ ከናናራ

አስፋልት ስንይዝ ጎማውን እንደገና ነፋን። ከናናራ ከተማ ናት፤ ማንጎና የሰንደል እንጨት እርሻ፣ ሱፐርማርኬት፣ የስልክ ኔትወርክ። ስልኮቻችን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ።

በማግሥቱ አርጋይል ሐይቅን አየን። ሰው ሠራሽ ነው፤ ኦርድ ወንዝ ተገድቦ በ1972 ተመረቀ። ውሃው ሰማያዊ፣ ተራራው ቀይ፣ ደሴቶቹ የተራራ ጫፎች። እጅግ ውብ ነው። የዱራክ ቤተሰብ የሚባሉ ከብት አርቢዎች የድንጋይ ቤት ሊሰጥም ሲል ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነቅሎ ሌላ ቦታ እንደገና ተሠራ፤ አሁን ሙዚየም ነው። የሚሪውንግ ሕዝብ ቅዱስ ቦታዎች ግን ከውሃው በታች ቀሩ። ሲገደብ ማንም አልጠየቃቸውም። ሙዚየሙን ዞሬ አየሁ፣ ዕቃዎቹም በእንክብካቤ ተይዘዋል። ለአንዱ ቤት የታሰበው ለሌላው ቅዱስ ቦታ ያልታሰበው ለምን እንደሆነ እያሰብኩ ነው የወጣሁት።

መኪናውን ስንመልስ ክሪኩን አሳየናቸው፤ የጎማውን ገንዘብ ግማሽ መለሱልን። እኛ ሦስታችን በአውሮፕላን ተመለስን። ጋሼና እትዬ በዋናው አስፋልት በሆልስ ክሪክ በኩል ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነዱ። ፐርዝ ሲደርሱ ደወሉልንና ገና መኪናው ሳይታጠብ ስለ ሚቸል ፏፏቴ ማውራት ጀመሩ።

መሄድ ለምትፈልጉ ወጪው ለእኛ በነፍስ ወከፍ ከ3,000 ዶላር ትንሽ አለፈ፤ የአውሮፕላኑን ጨምሮ። አራት ሆናችሁ በአንድ መኪና ብትሄዱ ይቀንሳል። ሁለት ትርፍ ጎማ ያዙ። ክሪኩን ከኪራይ ቢሮው ግቢ ሳትወጡ አንስታችሁ ሞክሩት። ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው ለብዙ ቀን የሚበቃ ይኑራችሁ። ለዊንጃናና ለተነል ክሪክ የቡኑባ አስጎብኚ ቀድማችሁ ያዙ። ለኤል ኬስትሮም እንዲሁ፤ እኛ ለሐምሌ ቦታ የያዝነው በሚያዝያ ነው፣ ያኔም የቀረው ጥቂት ነበር።